ብርጋዴር ሳንፎርድና የጎጃም አርበኞች፤ በሥራ የተገኘ ትውውቅ

ሰዎችን ማወቅና በሰዎች ዘንድ መታወቅ ለማንኛውም ባለሙያ ከችሎታ ቀጥሎ የሚቈጠር ሀብት እንደ ሆነ ሁሉም ይስማማል። ልዩነቱ ያለው በማግኛው መንገድ ላይ ነው። ብዙዎች ከግብዣና ከስብሰባ አዳራሽ የሚፈልጉትን ይህን ሀብት ብርጋዴር ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ ያገኙት ከእርሻ፥ ከበቅሎ መንገድና ከደብዳቤ ነበር። የትውውቃቸው ጥቅምና ወሰንም በግልጽ የታየው በ1933 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ነው።

ሳንፎርድ በ1874 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወልደው በመድፈኛ መኮንንነት ሠለጠኑ። ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነበር። ሱዳን ውስጥ በመንግሥት ሥራ ካገለገሉና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉ በኋላ ለንግድ ሥራ ተመልሰው መጡ። የመጡበት የንግድ ኩባንያ ቢከስርም እርሳቸው ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ሙሉ በተባለው ቦታ እርሻ አቋቁመው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክሪስቲን ጋር ልጆቻቸውን አሳደጉ።

የእርሻ ኑሮ ለውጭ አገር ሰው ከባድ ትምህርት ቤት ነው። ገበሬ የሆነ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ስለ ድንበርና ስለ ከብት ይነጋገራል፤ ከጭቃ ሹም ጋር ይከራከራል፤ ቃሉን ቢያጥፍም ወሬው በሚቀጥለው የገበያ ቀን በአገሩ ሁሉ ይዳረሳል። ሳንፎርድ ቋንቋውንና የአገሩን ደንብ የተማሩት እንዲህ ባለው ኑሮ ነው። በጣልያን ወረራ ዋዜማ ደግሞ ለማጂ አገረ ገዥ አማካሪ ሆነው ስለ ሠሩ፥ ከሹማምንቱ ጋር የነበራቸው ትውውቅ በአንድ ማዕድ ከመቀመጥ ያለፈ፥ በጋራ ሥራ የተፈተነ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አገሪቱ ስትያዝ ግን እርሻውን ጥለው ወጡ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ ሲነሣ የመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቨል ወደ ካይሮ ጠሯቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ኀምሳ ሰባት ዓመት ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙው መኮንን ጡረታውን ሲቀበል፥ ለእርሳቸው የተሰጠው ሥራ ጎጃም ገብቶ አርበኞቹን ከሱዳን ጋር ማገናኘት ሆነ። ቡድኑ በአንድ የመድፍ ጥይት ማቀጣጠያ ስም ሚሽን 101 ተባለ።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም.፥ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፥ ሳንፎርድ ከጥቂት እንግሊዛውያንና ከኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ጋር የሱዳንን ወሰን ተሻገሩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማ ከቡድኑ ጋር ነበሩ። የያዙት ጥቂት መሣሪያ፥ የማርያ ቴሬዛ ብርና የሬዲዮ መገናኛ ነው፤ ጦር አልነበራቸውም። በኋላ በሌላ ጓድ የገባው አርኖልድ ዊንሆልት የተባለ ሽማግሌ አውስትራሊያዊ በመንገድ ላይ በጠላት እጅ ሞቷል።

ጎጃም ሲደርሱ ያገኙት ሕዝብ አመፅን ከማንም መማር የሚያስፈልገው አልነበረም። አገሩ በ1930 ዓ.ም. በጣልያን ላይ በሰፊው ተነሥቶ ነበር። የጎደለው አንድነት ነው። በቡሬ ዙሪያ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ በሌላው ወገን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ እያንዳንዳቸው ጠንካራ ጦር ቢይዙም፥ እርስ በርሳቸው ይጠባበቁ ስለ ነበር አንዱ ሲዘምት ሌላው ሲተኛ ጠላት ፋታ ያገኝ ነበር። በሁለቱ መካከል የቆመ ገበሬ ደግሞ እህሉን ለማን እንደሚያወጣ ግራ ይገባዋል።

ሳንፎርድ ሁሉን አለቆች በአንድ ጉባኤ ለመሰብሰብ አልተጣደፉም። በእነዚህ ሰዎች መካከል የሚጠራ ስብሰባ፥ ማን ማንን ጠራ፥ ማን በማን ድንኳን ሄደ በሚል ጥያቄ ሳይጀመር ሊፈርስ ይችል ነበር። ደብዳቤና መልእክተኛ እየላኩ፥ አለቆቹንም እየቀረቡ አነጋገሩ። በመስከረም 1933 ዓ.ም. ሁለቱ ደጃዝማቾች በጋራ ለመሥራት ቃል ተግባቡ። አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን የሳንፎርድ ብቻ ሥራ አድርገው ይጽፉታል፤ ይህ ፍርድ ያጋደለ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሰው አዛዥ ከበደ በመካከል ባይቆሙ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ አርበኞች ራሳቸው ባይፈቅዱ፥ የፈረንጁ መልካም ስም ብቻውን ዕርቅ ባላወረደ ነበር። የሳንፎርድ ድርሻ ሁለቱም ወገን ሳይጠረጥር የሚያነጋግረው ሰው ሆኖ መገኘት ነበር። ይህም በአንድ ወር የሚሠራ ነገር አይደለም።

በኅዳር 1933 ዓ.ም. ሜጀር ዊንጌት በአውሮፕላን ፋጉታ ወርዶ ሳንፎርድን አገኘ። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ኡም ኢድላ ላይ የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። ከዚያ በኋላ ጦሩን የሚመራው ዊንጌት ሲሆን ሳንፎርድ በብርጋዴርነት ማዕርግ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኑ። የሥልጣን ክፍፍሉ ግልጽ ስላልነበረ ሁለቱ መኮንኖች ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል።

የትውውቅ ወሰንም በዚያው ሰሞን ታየ። ጣልያኖች ራስ ኃይሉን ወደ ጎጃም በመለሷቸው ጊዜ የብዙ ባላባት ልብ ተከፈለ። የአባትና የአያት ታማኝነት የአንድ ክረምት ወዳጅነት የሚነቀንቀው አልነበረም። ከሱዳን የሚጠበቀው መሣሪያና የአውሮፕላን ድጋፍ በዘገየ ቁጥርም ቃል የሰጠው ሰው ይከሰሳል፤ ሳንፎርድም ተስፋን አብዝተው ሰጥተዋል የሚል ትችት አልቀረላቸውም። የተገባው ቃል በአዛዦች ጽሕፈት ቤት ቢዘገይም፥ አርበኛው የሚጠይቀው በፊቱ ያለውን ሰው ነበርና።

ሆኖም መንገዱ ተከፈተ። በየካቲት መጨረሻ የቡሬ የጣልያን ጦር ምሽጉን ለቆ በማንኩሳና በጅጋ በኩል፥ ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረውን የዛሬውን ፍኖተ ሰላም አልፎ፥ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። በቍጥር እጅግ የሚያንሰው አሳዳጅ ኃይል ይህን ማድረግ የቻለው አገሬው መረጃ፥ ስንቅና ተዋጊ ስለ ሰጠው ጭምር ነው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም በዚያ ተቀበሏቸው።

ከነፃነት በኋላ ሳንፎርድ በአገር ግዛት ሚኒስቴርና በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አገልግለው ወደ ሙሉ እርሻቸው ተመለሱ። በጥር 1964 ዓ.ም. በዘጠና ዓመታቸው ግድም አረፉ። እርሻው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። ወይዘሮ ክሪስቲን የመሠረቱት ትምህርት ቤት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም በሳንፎርድ ስም ይጠራል።