ሰርጌይ ራክማኒኖቭ፤ ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ

የሙዚቃ መሣሪያ ለመማር የተነሣ ሰው ሁሉ ሳይወድ የሚደርስበት አንድ ቀን አለ። ትናንት ያለ ችግር የተጫወተው ክፍል ዛሬ አልታዘዝ ይለዋል፤ በደጋገመው ቁጥር ስሕተቱ ይበዛል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ከመሣሪያው ይነሣል። ይህ ዓይነቱ ፈተና የጀማሪ ዕጣ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የፒያኖ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቫሲሊየቪች ራክማኒኖቭ እንዲህ ያለ ቀን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያሉ ሦስት ዓመታት አሳልፏል። የወደቀበትና የተነሣበት መንገድ ለሙያው ሰዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራክማኒኖቭ በ1873 በሩሲያ በኖቭጎሮድ አውራጃ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። የመጀመሪያውን የፒያኖ ትምህርት የሰጠችው እናቱ ነበረች። አባቱ ሀብት የሚይዝ ሰው ስላልነበረ የቤተሰቡ ርስት ሁሉ ቀስ በቀስ ተሸጠ፤ ቤተሰቡም ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተዛወረ። እዚያም እኅቱ ሶፊያ በዲፍቴሪያ በሽታ ሞተች፤ ወላጆቹም ተለያዩ። ልጁ በከተማው ኮንሰርቫቶሪ ቢገባም ትምህርቱን ችላ በማለቱ በ1885 በቀለም ትምህርት ፈተና ወደቀ። ያን ጊዜ የዘመዱ የአሌክሳንደር ሲሎቲ ምክር ተጠየቀ። የፍራንዝ ሊስት ተማሪ የነበረው ሲሎቲ ልጁ ወደ ሞስኮ ሄዶ ለጥብቁ መምህር ለኒኮላይ ዝቬሬቭ እንዲሰጥ ፈረደ።

ዝቬሬቭ ጥቂት ተማሪዎችን በገዛ ቤቱ አስቀምጦ የሚያስተምር ሰው ነበር። ልምምድ የሚጀመረው በየተራ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ማታ ቲያትር አምሽቶ የገባ ተማሪ እንኳ ከዚህ ሥርዓት አያመልጥም ነበር። ራክማኒኖቭ ድርሰት የሚጽፍበት ጸጥ ያለ ክፍል በመጠየቁ በ1889 ከመምህሩ ጋር ተጋጭቶ ከቤቱ ወጣ። ቢሆንም በዚያ ቤት ያገኘው የሥራ ልማድ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። በ1891 ከሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ በፒያኖ፣ በ1892 ደግሞ በሙዚቃ ድርሰት በትልቁ የወርቅ ሜዳሊያ ተመረቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 19 ዓመት ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተጓዘበት መንገድ የስኬት መንገድ ነበር፤ ለውድቀቱም መክበድ አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በ1895 የጻፈው የመጀመሪያው ሲምፎኒ በመጋቢት 1897 በሴንት ፒተርስበርግ በአሌክሳንደር ግላዙኖቭ መሪነት ለሕዝብ ቀረበ። የልምምዱ ጊዜ አጭር ስለነበረ ኦርኬስትራው ሥራውን በሚገባ አላወቀውም። ደራሲው ከአዳራሹ ውጭ በደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ በልቡ ሲሰማው የነበረው ሙዚቃ ሲበላሽ አዳመጠ። ከዚያም ሐያሲው ሴዛር ኩዊ ሥራውን በግብፅ ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች ጋር አመሳስሎ በጋዜጣ ተሳለቀበት።

ከዚያ በኋላ የራክማኒኖቭ ብዕር ቆመ። ወረቀት ዘርግቶ ቢቀመጥም ይህ ነው የሚባል ሥራ ሊያወጣ አልቻለም። እጁም ሆነ ዕውቀቱ እንደ ነበረ ነው፤ የጠፋው በራሱ ላይ የነበረው እምነት ነበር። ይሁንና ሙዚቃን ፈጽሞ አልተወም። ለዕለት ጉርሱ ፒያኖ ያስተምር ነበር፤ በሳቫ ማሞንቶቭ የግል ኦፔራም ለአንድ የቲያትር ወቅት ኦርኬስትራ መርቷል። ከታላቁ ዘፋኝ ከፊዮዶር ሻሊያፒን ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጅነት የመሠረተውም በዚያ ነው። የተዘጋው አንዱ በር ብቻ ስለነበረ፣ በሌሎቹ እየገባ ከሙያው ሳይርቅ ቆየ።

ወዳጆቹ ሊያበረታቱት ብዙ ሞከሩ። በ1900 መጀመሪያ ከደራሲው ከሊዮ ቶልስቶይ ዘንድ ቢወስዱት፣ ሽማግሌው በቀረበለት ዜማ አለመደሰቱን ስለገለጸ ራክማኒኖቭ ከበፊቱ የባሰ ቆስሎ ተመለሰ። ከዚህም የሚታየው ከትልቅ ሰው አፍ የሚወጣ ቃል ሁሉ መድኃኒት አለመሆኑን ነው።

በመጨረሻ ቤተሰቡ ወደ ዶክተር ኒኮላይ ዳል ወሰደው። ዳል ሂፕኖሲስ በሚባለው የሰመመን ሕክምና የሚሠራ፣ ራሱም ሙዚቃ የሚወድና የሚጫወት ሐኪም ነበር። ከጥር እስከ ሚያዝያ 1900 ራክማኒኖቭ በየቀኑ እየሄደ ታከመ። ሐኪሙ በአንድ በኩል አዲስ ኮንቼርቶ እንደሚጽፍ፣ ሥራውም ያለ ችግር እንደሚሄድለትና መልካም እንደሚሆንለት በሰመመን ውስጥ ሳለ ደጋግሞ ያሳስበው ነበር። በሌላ በኩል እንቅልፉን ለመመለስና መንፈሱን ለማረጋጋት ይጥር ነበር። ዳል ለታካሚው ያስተማረው አንድም የሙዚቃ ሕግ የለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ፍርሃቱን ከሥራው መለየት ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ጣሊያን ሄዶ ሲመለስ ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ መጻፍ ጀመረ። አጀማመሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በቅድሚያ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ተጽፈው በታኅሣሥ 1900 ለሕዝብ ቀረቡ፤ የመጀመሪያው ክፍል ግን ከእነርሱ በኋላ ተጻፈ። ከመጀመሪያው ገጽ ካልጀመርሁ ብሎ ግትር አላለም፤ እሺ ባለው በኩል ገባ። ሥራው ተሟልቶ በኅዳር 1901 በሞስኮ ሲቀርብ ፒያኖውን የተጫወተው ራሱ ሲሆን ኦርኬስትራውን የመራው ሲሎቲ ነበር። ጥርጣሬው ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። ኮንሰርቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የመጀመሪያው ክፍል እንደማይረባ ለአንድ ወዳጁ በጭንቀት ጽፎ ነበር። እንደ ፊተኛው ጊዜ ግን ፍርሃቱ አላስቆመውም፤ ቀኑ ሲደርስ ወጥቶ ተጫወተ፤ ሥራውም በታላቅ አድናቆት ተቀባይነት አገኘ። ኮንቼርቶውን ለዶክተር ዳል መታሰቢያ አደረገው። በ1904ም የግሊንካ ሽልማት ተሰጠው።

በ1909 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ አስቸጋሪውን ሦስተኛ ኮንቼርቶ በመርከብ ላይ ድምፅ በማያወጣ የልምምድ ኪቦርድ አጠና። ዋናው ፈተና ግን ከአብዮቱ በኋላ መጣ። በ1917 መጨረሻ ቤተሰቡን ይዞ ከሩሲያ ወጣ፤ በ1918 ኒው ዮርክ ሲደርስ ዕድሜው 45 ዓመት ነበር። እስከዚያ ድረስ በመድረክ የሚጫወተው በአብዛኛው የራሱን ድርሰቶች ነበር። ቤተሰቡን ለማስተዳደር የሌሎችን ደራስያን ሥራዎች እንደ ተማሪ ከሥር ጀምሮ ማጥናት ግድ ሆነበት።

አሜሪካዊው ፒያኒስት አብራም ቼዚንስ የታዘበው የራክማኒኖቭን የጥናት ዘዴ በሚገባ ያሳያል። ቼዚንስ አንድ ቀን ወደ ራክማኒኖቭ ቤት ሲደርስ ከውስጥ የፒያኖ ድምፅ ሰማ፤ አጨዋወቱ እጅግ ከመዘግየቱ የተነሣ የሚጠናው ምን እንደ ሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። ቁራጩ የሾፐን ኤቲዩድ ነበር፤ አንዱ ባር 20 ሰኮንድ ያህል ይፈጅ ነበር፤ ይህም ለአንድ ሰዓት ያህል ቀጠለ። በመድረክ ላይ በፍጥነቱ ዓለምን ያስደነቀው ሰው በቤቱ የሚሠራው እንዲህ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ጣቱ የማያውቀውን መንገድ በጥድፊያ እንዲያልፍ አያስገድደውም ነበር። በጥድፊያ የተደጋገመ ስሕተት ራሱ ልማድ ይሆናልና፣ የብዙ ተማሪ ምሬት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ራክማኒኖቭ የመጨረሻውን ኮንሰርት በየካቲት 1943 በቴኔሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ ካቀረበ በኋላ፣ በመጋቢት ወር 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በካሊፎርኒያ በካንሰር በሽታ ሞተ። ያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያሰኘው ሲምፎኒ በሕይወት ዘመኑ ዳግመኛ አልተሰማም። ከሞተ በኋላ ግን የኦርኬስትራው ቅጂዎች በሌኒንግራድ ተገኙ፤ ሥራውም በ1945 በሞስኮ እንደገና ቀረበ። ዛሬ በዓለም ኦርኬስትራዎች ዘንድ የተከበረ ቦታ አለው። በዚያች በ1897 ምሽት የተነገረው ፍርድ የመጨረሻ አልነበረም። ደራሲው ይህን ሳያይ ቢሞትም፣ ፍርዱ እስኪሻር ድረስ ሥራውን ባለማቆሙ ለሙዚቃ ተማሪዎች የማይረሳ ምሳሌ ትቶ አልፏል።