ሕይወት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው የፊዚክስ ሊቅ

እ.ኤ.አ. በ1943፣ ዓለም በጦርነት እየነደደች ሳለ፣ አንድ ስደተኛ የፊዚክስ ሊቅ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ለሕዝብ ንግግር ለማድረግ ቆመ። ያነሣው ጥያቄ ግን የሙያ ባልደረቦቹ ከሚያውቁት መስክ የራቀ ነበር፦ ሕይወት ምንድን ነው?

ኤርዊን ሽሮዲንገር በ1887 በኦስትሪያ መዲና ቪየና ተወለደ። በጎልማሳነቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በስዊዘርላንዷ ተራራማ መንደር አሮዛ ታከመ። በ1925 የገናን በዓል ለማሳለፍ ወደዚያችው መንደር በተመለሰ ጊዜ ስሙን ያስጠራውን ቀመር መሥራት ጀመረ። እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ደቂቅ ቅንጣቶች የሚያሳዩትን የሞገድ ጠባይ የሚገልጸው ይህ ቀመር ዛሬም የኳንተም ፊዚክስ ምሰሶ ነው። በ1933ም ከእንግሊዛዊው ፖል ዲራክ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋራ።

በዚያው ዓመት ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የበርሊን ሥራውን በፈቃዱ ትቶ ወጣ፤ በ1936 ግን ወደ ኦስትሪያ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመን አገሩን ስትጠቀልል ለአዲሱ አገዛዝ ድጋፉን በጋዜጣ ገለጸ። ኋላ የተጸጸተበት ይህ ጽሑፍ ከመባረር አላዳነውም። ተሰዶ ሳለ የቀድሞው የሒሳብ መምህር፣ የአየርላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤመን ዴ ቫሌራ በደብሊን አስጠጉት።

በንግግሩ ያስጨነቀው ነገር፣ የዘር ውርስ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይፋለስ የሚተላለፈው እንዴት ነው የሚለው ነበር። መልሱን የፈለገው በኳንተም ሕግ ጸንቶ በሚቆም ሞለኪውል ውስጥ ነው። ይህ ሞለኪውል ሥርዓት ያለው፣ ነገር ግን እንደ ተራ ክሪስታል አንድ ዓይነት ቅርጽ የማይደጋግም፣ መልእክት የተጻፈበት መሆን አለበት ሲል አሰበ። በ1944 በመጽሐፍ የታተመው ሐሳብ በዝርዝሩ ስሕተት ባያጣም፣ ጄምስ ዋትሰንን፣ ፍራንሲስ ክሪክንና ሞሪስ ዊልኪንስን ወደ ሥነ ሕይወት ምርምር ሳበ። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ሲያስታውቁ የሮዛሊንድ ፍራንክሊንና የዊልኪንስ የኤክስሬይ ምርምር መሠረት ሆኗቸዋል።

ሽሮዲንገር በ1956 ወደ ቪየና ተመለሰ፤ በጥር 1961 በዚያው ነቀርሳ ሞተ። ሦስቱ ተመራማሪዎች የሕክምናውን ኖቤል የተቀበሉት በቀጣዩ ዓመት ነው።

ዝናው ግን ጥላ አጥልቶበታል። በታዳጊ ልጃገረዶች ላይ ፈጽሞታል የተባለው በደል በይፋ ከተነሣ በኋላ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ በ2022 በስሙ ይጠራ የነበረውን አዳራሽ መጠሪያ ለወጠ። ጥያቄው ግን ከሰውየው ተርፏል፤ ዛሬ ሐኪሞች በዘር የሚወረስን ሕመም ለመለየት የሚያነቡት፣ እርሱ አለ ብሎ የገመተውን ያን ጽሑፍ ነው።