የኮቤው የድኾች ጎረቤት ቶዮሂኮ ካጋዋ

በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ስናነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ደራስያን ነው። ዘንድሮ ግን ቀባሪ ያጣን ሰው ሲያስቀብር የኖረ፣ በኋላም ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ገንዘቡን አዋጥቶ እንዲረዳዳ ያስተማረ አንድ ጃፓናዊ እናንሣ ብለናል። ስሙ ቶዮሂኮ ካጋዋ ይባላል። በአገሩም በውጭም እጅግ የታወቀ ሰው ነበር፤ በሥነ ጽሑፍም በሰላምም ለኖቤል ሽልማት ታጭቶ ያውቃል። እኛ አገር ስሙን የሰማ ብዙ አይገኝም። ሥራው ግን ለዕድርተኛ እንግዳ አይሆንበትም። ዘመኑን የምንቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ካጋዋ በ1888 በኮቤ ከተማ ተወለደ። አባቱ በንግድም በመንግሥት ሥራም የታወቀ ሰው ሲሆን እናቱ ግን ሕጋዊ ሚስት አልነበረችም፤ በዘፈንና በጨዋታ እንግዳ የምታስተናግድ፣ በጃፓንኛ ጌይሻ የምትባል ሴት ነበረች። ልጁ ገና 4 ዓመቱ ሳለ አባትም እናትም ተከታትለው ሞቱበት። ከዚያ በኋላ አዋ ወደሚባለው አገር፣ ወደ አባቱ ሕጋዊ ሚስት ቤት ተወሰደ። እንጀራ እናት ቤት፣ ያውም ከቅምጥ የተወለደ ተብሎ ማደግ ምን እንደሚመስል ማብራራት አያሻም። ተማሪ ቤት ሳለ ከአሜሪካ ሚሲዮናውያን ጋር ተዋወቀ፤ እንግሊዝኛ አስተማሩት፤ ቤታቸው አስገብተው እንደ ልጅ አዩት። በ1904 ተጠመቀ። ይረዳው የነበረው ሀብታም አጎቱ ልጁ ሰባኪ እሆናለሁ ማለቱን ሲሰማ እጁን አነሣበት። ካጋዋም በሚሲዮናውያኑ ርዳታ መጀመሪያ በቶኪዮ፣ ቀጥሎ በኮቤ የነገረ መለኮት ትምህርት ተማረ። በዚህ መካከል የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ከሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኮቤ ወደብ በ1868 ለውጭ ንግድ ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙ ነበር። ሥራ ያገኘው አገኘ፤ ያላገኘው፣ የታመመውና የተጎዳው ሺንካዋ በሚባል ሰፈር ተጠራቀመ። በዚያ ሰፈር አንድ ቤተ ሰብ የሚኖርበት ክፍል ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢተኛበት የሚሞላ ነበር። ውኃውም መጸዳጃውም የጋራ ነው። ነዋሪው የወደብ ተሸካሚ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጨርቅና ወረቀት ለቃሚ፣ ለማኝ፣ ቁማርተኛ፣ ሴተኛ አዳሪ ነበር። እዚያ የሚሄድ ሰባኪ ቢኖር እንኳ ቀን ሰብኮ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው።

ካጋዋ ግን ዕቃውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ሊኖርበት ገባ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1909፣ የፈረንጆች የገና ዋዜማ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 15 ቀን 1902 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። የተከራያት ክፍል ሰው ተገድሎባት የሟቹ መንፈስ ይታይባታል እየተባለ ማንም የሸሻት በመሆኗ ኪራይዋ ርካሽ ነበር። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማደሪያ የሌለው ሰው መጣበት፤ አስገባው። ሌላም መጣ፤ እሱንም አስገባ። ያችኑ ጠባብ ወለል ከበሽተኛ ጋር ተካፍሎ ሲተኛ ትራኮማ ያዘው፤ የዐይኑ ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ማየት እስኪሳነው ያደርሰው ነበር።

የሠራው ሥራ ብዙ ነው። ጧት ከመንጋቱ በፊት ለሥራ ለሚወጡት በመንገድ ዳር ይሰብካል፤ ልጆችን ሰብስቦ ያስተምራል፤ በሽተኛ ያስታምማል። እኛን ይበልጥ የነካን ግን የቀብሩ ነገር ነው። በሺንካዋ ሰው ሲሞት ሣጥን የሚገዛለት፣ የሚሸከመው፣ ቆሞ የሚሸኘው ይጠፋ ነበር። ካጋዋ ከዚያችው ከትንሿ ገቢው ወጪውን እየቻለ የብዙዎችን ቀብር አስፈጸመ። ዕድር በሌለበት ሰፈር አንድ ሰው ብቻውን ዕድር ሆነ ማለት ይቻላል። ደግሞ ሌላ የሚዘገንን ነገር ነበር። ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልፈለጓቸውን ሕፃናት ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ወስዶ፣ ውኃ በበዛበት ገንፎ እያሰነበቱ በረኃብ መግደል በሰፈሩ እንደ ገቢ ማግኛ ተይዞ ነበር። ካጋዋ እንዲህ ካሉት ሕፃናት አንዷን፣ ኦይሺ የተባለችውን፣ ወስዶ ወተት እየበጠበጠ ሌሊት ሲያባብል ማደሩን ራሱ ጽፏል። ሚስት ያላገባ ወጣት ነበር እኮ!

ሰፈርተኛው ሁሉ አመሰገነው ማለት አይደለም። ሰካራም ገንዘብ አምጣ እያለ ቢላዋ ይዞ ይመጣበታል፤ አንዱ ደብድቦ የፊት ጥርሶቹን አርግፎበታል። ከሁሉ ይልቅ ያደከመው ግን ሌላ ነው፤ የሰጠው ነገር ሁሉ ማለቁ። ዛሬ የሰጠው ሩዝ ነገ የለም፤ ልብሱን የለገሰው ሰው ልብሱን ሽጦ ይጠጣበታል። በ1912 ገደማ ለድኾች በርካሽ የሚያበላ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ። የሰማይ ቤት የሚል ስም ሰጠው። በላተኛው መጣ፤ በልቶ ሳይከፍል ሄደ፤ ቤቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ካጋዋ ስለ ንግድ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እኛም ይህን የምንለው ለነቀፌታ ሳይሆን በኋላ የደረሰበትን ለመረዳት ስለሚጠቅም ነው።

በ1913 ሃሩ ሺባን አገባ። ሃሩ የመጽሐፍ ጥራዝ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ጫጉላዋን ያሳለፈችው እዚያው ሺንካዋ ነው። ከእሱ ጋር በሽተኛ ስታጥብና ስትመግብ ኖረች፤ በኋላም ለራሷ በዮኮሃማ የነገረ መለኮት ትምህርት ተማረች። ስለ ባልዋ የሚጽፉ ሰዎች ስሟን በአንድ መስመር እያነሡ ያልፏታል፤ እኛም ቦታ ስላጠረን ነው እንጂ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባት ነበር።

ካጋዋ ከ1914 እስከ 1917 በአሜሪካ ቆየ፤ በፕሪንስተንም ተማረ። በኒው ዮርክ የልብስ ሰፊዎችን ታላቅ ሰልፍ አየ፤ ድኻ ራሱ ተደራጅቶ መብቱን ሲጠይቅ ማየቱ አሳቡን ለወጠው። ተመልሶም ወደዚያው ወደ ሺንካዋ ገባ። ለሥራ አጦች የጥርስ ብሩሽ መሥሪያ አቋቋመ፤ ይኸም አልቀናውም። ከዚያ በሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ገባና በ1921 ወደ 30 ሺህ የሚሆኑ የኮቤ መርከብ መሥሪያ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ከመሪዎቹ አንዱ ሆነ። አድማው ተሸነፈ፤ እሱም ታሰረ።

በዚያው ዓመት የተጀመረ ሌላ ሥራ ግን አልተሸነፈም። ናሱ ዜንጂ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያገኘውን ትርፍ ለበጎ ሥራ ላውለው ብሎ ምክር ሊጠይቅ ወደ ካጋዋ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቡን ለሺንካዋ ድኾች አምጣ ባለ ነበር። ካጋዋ ምጽዋት ወሰን እንዳለው በምግብ ቤቱም በብሩሹም አይቶታልና፣ ገንዘቡ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋሚያ ቢሆን ይሻላል ብሎ መከረው። የናዳ ማኅበር እንዲህ ተመሠረተ። በኮቤም ለሠራተኛው አንድ ማኅበር ቆመ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አባል የሆነ ሰው ዕጣ ይገዛል፤ በስብሰባ ግን ብዙ ዕጣ ያለውም ጥቂት ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ማኅበሩ ሩዝና ከሰል የመሳሰለውን በጅምላ ገዝቶ ላባላቱ ያከፋፍላል፤ በዓመቱ መጨረሻ የተረፈው ለአባላት በገዙት መጠን ይመለሳል። በእኛም ዕድር ሀብታሙም ድኻውም መዋጮው እኩል፣ ድንኳኑም አንድ ነው፤ ዳኛው የሚመረጠው በጉባኤ ነው። ልዩነቱ የካጋዋ ማኅበር ሰው ቆሞ ሳለ የሚደርስለት መሆኑ ነው።

በየዕድሩ ጉባኤ ላይ የሚነሣው የቆየ ክርክር ይኸው አይደል? ገንዘቡ ለሞተ ብቻ ይውጣ ወይስ ለቆመም? ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኤች አይ ቪ ምክንያት ቀብር ሲበዛ አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ለሕሙማንና ለሙት ልጆች መርጃ ማውጣት ጀምረዋል። ሳጥናችን ይራቆታል የሚሉ አባላት ስጋትም መሠረት አለው። የናዳ ማኅበር የቆመው ከሺንካዋ የተሻለ ኑሮ ባለበት ሰፈር እንደ ነበረ መርሳት የለብንም፤ መዋጮ መክፈል የማይችል ሰው የሚበዛበት ማኅበር ዕድሜው አጭር ነው።

ካጋዋ በ1920 የራሱን ሕይወት መሠረት አድርጎ ያሳተመው ልብ ወለድ በጃፓን በብዙ መቶ ሺህ ተሸጠ፤ ገንዘቡን ግን ለማኅበራቱና ለድኾች ሥራ አፈሰሰው። በመስከረም 1923 የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮንና ዮኮሃማን አፍርሶ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሲሞት፣ ሆንጆ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ድንኳን ተክሎ የተረፉትን ረዳ። በ1932 ሕዝቡ እያዋጣ የሚታከምበት የሕክምና ኅብረት ሥራ ማኅበር በቶኪዮ እንዲቋቋም አደረገ። በጃፓን ኪዮሳይ የሚባለውን፣ አባላት አዋጥተው በአደጋና በሞት ጊዜ የሚረዳዱበትን ሥርዓት ካስፋፉትም አንዱ ነው።

ጉድለቱንም መጻፍ አለብን። በ1915 ስለ ድኾች ጠባይ ባሳተመው መጽሐፍ ቡራኩ ስለሚባሉት፣ በዘራቸውና በሥራቸው ስለሚናቁት ወገኖች የጻፈው የሚያሳፍር ነው፤ ወንጀልን በደማቸው እንዳለ አድርጎ ነው የቆጠረው። በሺንካዋ ከነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ነበሩ። ሰውን እየወደዱ መናቅ እንዴት እንደሚቻል እኛም በአገራችን ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ቡዳ ስንል ስለኖርን አንስተውም። ነገሩ ካጋዋ ከሞተ በኋላም በጃፓን ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። በጦርነቱም ዘመን እንዲሁ አንድ ሆኖ አልቆመም። በ1940 ጦርነት ይቃወማል ተብሎ በጦር ፖሊስ ታሰረ፤ በጦርነቱ ማብቂያ ግን በሬዲዮ ቀርቦ አሜሪካንን የሚነቅፍ ንግግር አደረገ።

ሚያዝያ 23 ቀን 1960 በቶኪዮ በ71 ዓመቱ ዐረፈ። የናዳና የኮቤ ማኅበራት በ1962 ተዋሐዱ፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ጥር 17 ቀን 1995 ጧት ኮቤን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሲገድል የማኅበሩም ዋና መሥሪያ ቤት ተደረመሰ። ሆኖም በአደጋ ጊዜ ዕቃ ለማቅረብ ከከተማው ጋር በ1980 የተፈራረመው ውል ነበረውና፣ ሠራተኞቹ በዚያኑ ዕለት ከተረፉት ሱቆች ብዙዎቹን ከፍተው ምግብና ውኃ ማደል ጀመሩ።