የቆዳ ዕጢዎችን ሥር ያገኘው ሐኪም

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በ1867 ዓፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ፣ ጀርመን አገር ቩርትስቡርግ ከተማ ውስጥ አንድ የ33 ዓመት ፕሮፌሰር ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ የሰውን ገላ ይመረምር ነበር። ስሙ ፍሬድሪክ ፎን ሬክሊንግሃውዘን ይባላል። በኋላ በስሙ የተጠራው ሕመም ዘርና አገር አይመርጥም፤ በጀርመንም ሆነ በገሳይ ደጋ በተወለደ ሕፃን ላይ ሊታይ ይችላል።

ሬክሊንግሃውዘን በ1833 በዌስትፋሊያ ግዛት፣ ጉተርስሎ ከተማ ተወለደ። በርሊን ውስጥ በታዋቂው ሩዶልፍ ቪርሆ ሥር በረዳትነት ሠርቷል። ከቩርትስቡርግ በኋላ በ1872 ወደ ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ እስከ ዕድሜው ማምሻ በዚያው ከተማ ኖረ።

ቆዳቸው በብዙ ዕጢዎች የተሸፈነ ሰዎችን ያየ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ አልነበረም። የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ስሚዝ በ1849 ስለ እነዚህ ሕሙማን ጽፎ ነበር። የሬክሊንግሃውዘን ድርሻ ሥሩን ማግኘቱ ነው። በ1882 ባሳተመው ሥራ የሁለት ሕሙማንን አስከሬን መርምሮ፣ ቆዳ ላይ የሚታዩት ዕጢዎች የሚነሱት ነርቭን ከሸፈነው ሽፋን መሆኑን አሳየ። ሕመሙ ዛሬ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ይባላል።

እሱ በ1910 ሲሞት ግን ምክንያቱ ገና አልታወቀም ነበር። መልሱ የተገኘው በ1990 ነው። በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ አንድ ዘረ መል፣ የህዋሶችን እድገት እንደ ልጓም የሚይዝ ፕሮቲን ያሠራል። ሕመምተኛው ከዘረ መሉ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቶ ይወለዳል። ነርቭን በሚሸፍን አንድ ህዋስ ውስጥ ሁለተኛውም ቅጂ ሲጠፋ ልጓሙ ይበጠሳል፤ ህዋሱም ያለ ገደብ ይራባል፤ ዕጢው ይወጣል።

ሕመሙ ከ3,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል። ግማሽ ያህሉ ሕሙማን በቤተሰባቸው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሕመምተኛ ወላጅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በሕፃንነት ማኪያቶ የሚመስሉ፣ ከቆዳው ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ዕጢዎቹ የሚበዙት ከጉርምስና ወዲህ ነው። ቆዳ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ወደ ካንሰር አይለወጡም። ከውስጥ የሚያድጉት ትልልቆቹ ግን አንዳንዴ ይለወጣሉ። ስለዚህ በድንገት ያደገ ወይም ያመመ ዕጢ ለሐኪም ሳይታይ መክረም የለበትም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት የተፈቀደው ሴሉሜቲኒብ የተባለ መድኃኒት፣ በቀዶ ሕክምና የማይወጡትን የውስጥ ዕጢዎች ለማሳነስ ይረዳል።

ሕመሙ ቁምጥና አይደለም፤ አብሮ በመብላትም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ቆዳው በዕጢ ስለተሸፈነ ብቻ ከማዕድ የሚገለል፣ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ካለ፣ የሚጎዳው ከዘረ መሉ ይልቅ የእኛ አለማወቅ ነው። ሬክሊንግሃውዘን ከቆዳው አልፎ ተመለከተ፤ ከእኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው።