እቴጌ ጣይቱ እና የእራት ሒሳብ

ፒያሳ ወርዶ ጣይቱ ሆቴል ደጃፍ ላይ ፎቶ ሳይነሳ የሚመለስ ወጣት ጥቂት ነው። የእንጨቱ ደረጃ፣ ከፍ ያለው ጣሪያ፣ በረንዳው... ሁሉም ለስልክ ካሜራ የተሠራ ይመስላል። ከፎቶው ሥር ስለ ባለቤቲቱ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ዓድዋ። እኔ ዛሬ ስለ እራት ሒሳብ ላውራችሁ።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ወደ በጌምድር እንውጣ። በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር ድሮ መንገደኛ ከመሸበት ሆቴል አይፈልግም። ጭስ የሚታይበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ የመሸበት እንግዳ መሆኑን ይናገራል፣ አለቀ። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደብ ይነጠፍለታል። ጠዋት ተነስቶ ስንት ልክፈል ቢል ባለቤቱን መስደቡ ነው።

ጣይቱ ብጡል የመጡት ከዚህ ወግ ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ ሲሸነፉ፣ ካሳም ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ የዚያ ቤት ሥልጣን ተሰበረ። ጣይቱ ገና ሕፃን ነበሩ። ያም ሆኖ በዘመኑ ለሴት ልጅ ብርቅ የነበረውን ትምህርት አገኙ፤ ግዕዝ ያውቃሉ፣ በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። ትዳር ያዙ፣ ፈቱ፣ ደግመውም ያዙ። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል አንኮበር መድኃኔዓለም ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ቆረቡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው። የእንጦጦ ብርድ አስመርሯቸው ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ የሚለውን ስምም ያወጡት እሳቸው ናቸው። በ1882 ዓ.ም. ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው እቴጌ ሆኑ። መቀሌ ላይ ጣሊያኖቹ የሚቀዱትን ውኃ አስያዙባቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦራቸውን ይዘው ዋሉ።

ብዙ የማይወራላቸው ሥራ ጓዳው ነው። የቤተ መንግሥት ግብር ማለት በሺህ የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ ገብቶ የሚበላበት፣ ጠጅ በብርሌ የሚወርድበት ድግስ ነበር። ያን ሁሉ እንጀራ፣ ወጥና ጠጅ የሚመራው አእምሮ የእቴጌዋ ነው። የበላ ሁሉ መርቆ ይወጣል እንጂ ሳንቲም አያወጣም። ዛሬ ይህን ያህል ወጥ ቤት የሚመራ ሰው ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ቢሮ ይሰጠው ነበር።

ከዓድዋ በኋላ ግን ከተማዋ ሌላ ሆነች። መልእክተኛው፣ ነጋዴው፣ መሐንዲሱ ይጎርፍ ጀመር። ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። ይህ ሁሉ እንግዳ የት ይደር? ድንኳን ውስጥ? ማንንም የማያውቅ ፈረንጅ በማን ደጅ ቆሞ መሸብኝ ይበል? ጣይቱ መልሱን አራዳ ላይ አሠሩት። ሆቴሉ ዕድሜውን ከ1898 ዓ.ም. ይቆጥራል።

ፎቅ መሥራቱ ቀላሉ ነገር ነበር። ከባዱ ማስከፈሉ ነው። በዚያ ዘመን እህል መሸጥ ነውር፣ በገንዘብ መብላትም ነውር ነው። ጠጅ የምትሸጥ ሴት ስም ይወጣላታል። እንግዲህ አስቡት፤ ዘውድ የጫኑ ሴት ናቸው ምግብ ቤት የከፈቱት! ሰው ዝር አላለም ይባላል። እንደሚተረከው ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፣ ሒሳባቸውንም ከፈሉ። ንጉሡ ከከፈለ ማን ያፍራል? እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ሌላውን ነው፤ ያን ቀን ከራሳቸው ባል ሒሳብ የተቀበሉት እቴጌ በልባቸው ምን ይሉ ነበር? አያታቸው ቢያዩ ምን ይሏቸው ነበር?

ምኒልክ ሲታመሙ ሥልጣኑ በጣይቱ እጅ ገባ። መኳንንቱ ይህን አልወደዱትም። በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አስወጧቸውና ባላቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ተዋቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሸሽተውት ወደ ነበረው እንጦጦ ብርድ መለሷቸው። አገር ያበሉት ሴት የመጨረሻ ዓመታቸውን እዚያው ተራራ ላይ ገፍተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ።

ሆቴሉ ከእሳቸው በኋላ ብዙ አይቷል። እሳቸው ከተዋጉት ጠላት ቋንቋ የመጣው ፒያሳ የሚለው ስም ሰፈሩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ ጃዝ የሚደመጥበትን አዳራሽ በላው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ ሆቴሉ ቆሞ ቀረ። ያደግንበትን መንገድ ፈልገን ስናጣ አቅጣጫ የምንይዘው አሁን በእሱ ነው።

እቴጌዋ ያሉት ከዚያ አይደለም። ላይኛው ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ በታዕካ ነገሥት በዓታ፣ ከምኒልክ ጎን አርፈዋል። ፎቶውን ተነስታችሁ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ፣ ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ስትወጡ ታክሲ ያዙና እዚያም ድረሱ።