በጥሊሞስና የአንድ ዲግሪ አውታር

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ክላውዴዎስ በጥሊሞስ፣ በመልክዐ ምድር መጽሐፉ አክሱምን የንጉሥ መቀመጫ ብሎ በመመዝገቡ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ለመሐንዲስ ግን ሌላ ውለታ ውሏል።

እ.ኤ.አ. ከ127 እስከ 141 ድረስ ከዋክብትን ሲመለከት፣ ለስሌቱ የክብ አውታሮች ሠንጠረዥ አስፈለገው፤ ይህም የዛሬው ሳይን መነሻ ነው። የ72ንና የ60 ዲግሪን አውታሮች ጎኖቻቸው እኩል ከሆኑ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ምስሎች ያለ አንዳች ግምት አገኘ። በአንግሎች ልዩነት ደንብ 12ን፣ የግማሽ አንግልን ደንብ እየደጋገመ 6ን፣ 3ን፣ 1 ተኩልንና ሩብ ጉዳይ 1ን ደረሰባቸው።

ወደ 1 ዲግሪ ግን በዚህ መንገድ አይደረስም፤ አንግልን ሦስት እኩል መክፈል ይጠይቃልና። ይህም በማስመሪያና በኮምፓስ በጠቅላላው እንደማይቻል ፒየር ቫንዝል ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። በጥሊሞስ ችግሩን አልሸሸገም። የ1 ዲግሪው አውታር ከ1 ተኩሉ አውታር ሁለት ሦስተኛ እንደሚበልጥ፣ ከሩብ ጉዳይ 1ዱ አውታር አራት ሦስተኛ ደግሞ እንደሚያንስ አስረድቶ፣ በእነዚህ ጠባብ ወሰኖች መካከል ግምቱን አኖረ። ከዚያም በድምር ደንብ በየግማሽ ዲግሪው እስከ 180 ድረስ ሠንጠረዡን ሞላ።

ከሶዶ ወደ ቤሌ በሚወስደው ወጣ ገባ መሬት ቴዎዶላይት የሚተክል ቀያሽም የዚሁ ትምህርት ወራሽ ነው፤ በመዝገቡ ላይ እርግጡን ከግምቱ ለይቶ፣ ግምቱንም ከነወሰኑ መጻፍ ይገባዋል።