ቢያትሪክስ ፖተር፦ ጓሮውን በውሃ ቀለም ያኖረች ሴት

በግድግዳ ጋዜጣችን የሕይወት ታሪክ ዓምድ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጦር መርታ ድል ያደረገች ንግሥት ወይም አዲስ መሣሪያ የፈለሰፈች ሊቅ አይደለችም። ጥንቸልና ዳክዬ፣ ጎመንና ሽንኩርት ስትሥል የኖረች እንግሊዛዊት ነች። ታዲያ ለመምህርነት ከምንሠለጥነው ጋር ምን ያገናኛታል? የማስተማሪያ ሥዕል ለማዘጋጀት አንድ ፎቶግራፍ ከፊታችን አስቀምጠን፣ ውሃና ቀለም በጥብጠን የተቀመጥን ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳያጋጥመን አልቀረም። ፎቶግራፉን እንዳለ እንገልብጠው ወይስ ወጥተን ነገሩን ራሱን እንየው? ይህች ሴት ለዚህ ጥያቄ በሥራዋ መልስ ሰጥታበታለች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄለን ቢያትሪክስ ፖተር በጁላይ 28 ቀን 1866 ለንደን ከተማ ውስጥ ተወለደች። ቤተሰቧ በጥጥ ሥራ የከበረ ነበር። አባቷ ሚስተር ሩፐርት ፖተር በሙያቸው ጠበቃ ይሁኑ እንጂ ሀብት ስለነበራቸው ችሎት ብዙም አያዘወትሩም። ልባቸው ያለው ከፎቶግራፍ ላይ ነበር። ወዳጃቸው የነበረው ዝነኛው ሠዓሊ ጆን ኤቨረት ሚሌ የሰዎችን መልክ ሲሥል እንዲረዳው ፎቶግራፍ ያነሡለት ነበር። እንግዲህ ልጅቷ ፎቶግራፍ ለሥዕል እንዴት እንደሚያገለግል ያየችው ገና በልጅነቷ፣ ከአባቷ እጅ ነው ማለት ነው።

ቢያትሪክስ ትምህርት ቤት አልገባችም። በዘመኑ እንደነበሩት የባለጸጋ ሴት ልጆች በቤት አስተማሪዎች እጅ ተማረች። ጓደኛ አልነበራትም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከእርሷ በ6 ዓመት ገደማ የሚያንስ በርትራም የሚባል ወንድም ብቻ ነበራት። ሁለቱ ልጆች ጥንቸል፣ አይጥ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ የሌሊት ወፍ ሳይቀር እያመጡ ክፍላቸው ውስጥ ያኖሩ ነበር። እንስሳቱን በሕይወት ሳሉ ይሥሏቸዋል፤ ሲሞቱባቸው ደግሞ አጥንታቸው እንዴት እንደተገጣጠመ ያጠናሉ። የኋላ ኋላ ኮት የለበሱት ጥንቸሎቿ ከኮቱ ሥር እውነተኛ ጥንቸል ሆነው የተገኙት ለዚሁ ነው።

በየበጋው ቤተሰቡ ለንደንን ለቆ ወደ ገጠር ይወጣል። መጀመሪያ ወደ ስኮትላንድ፣ ከ1882 ጀምሮ ደግሞ ሐይቆች ወደሚበዙበት ወደ ሰሜን እንግሊዝ አገር ይሄዱ ነበር። ቢያትሪክስ ከአባቷ አሮጌ ካሜራዎች አንዱን ተቀብላ፣ ክብደቱን እየተማረረችም ቢሆን፣ እርሷም ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር። ከብሩሿ ግን አልተለየችም።

በወጣትነቷ ልቧን የወሰደው የእንጉዳይ ጥናት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ እንጉዳዮችን በውሃ ቀለም ሣለች። አሣሣሏ በጣም ትክክለኛ ስለሆነ የመስኩ ባለሙያዎች ዛሬም ይመለከቱታል። ስለ እንጉዳይ ስፖሮች አበቃቀል የጻፈችው ጥናት በ1897 በለንደኑ የሊኒየን ማኅበር ቀረበ። ያቀረበው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሴት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ መገኘት አይፈቀድላትም ነበር። ማኅበሩ በደል መፈጸሙን ያመነው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1997 ነው። እርሷ ያኔ ካረፈች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ጠጋ እንበል። የመጨረሻዋ የቤት አስተማሪዋ አኒ ካርተር ትባላለች። በዕድሜ ከተማሪዋ የምትበልጠው በ3 ዓመት ብቻ ስለነበረ ሁለቱ እንደ እኅትማማች ሆኑ። አኒ አግብታ ልጆች ወለደች። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1893 ቢያትሪክስ ለ5 ዓመቱ የአኒ ልጅ ለኖኤል፣ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ደብዳቤ ጻፈችለት። የምትነግረው ወሬ ስላጣች ፒተር የተባለ አንድ ጥንቸል የሰው ጓሮ ገብቶ የደረሰበትን በሥዕል አድርጋ ላከችለት። ከዓመታት በኋላ እነዚህ ደብዳቤዎች መጽሐፍ ይሆናሉ ብላ የመከረቻት ያችው አስተማሪዋ ነች። እንግዲህ አስተማሪ ማለት ይኸው አይደል? ተማሪዋ ራሷ ያላየችውን ችሎታ አየችላት።

መጽሐፉን አሳታሚዎች አንቀበልም አሉ። ቢያትሪክስ ግን በራሷ ገንዘብ በ1901 መጨረሻ 250 ቅጂ አሳተመች። በዚህ ጊዜ ፍሬድሪክ ዋርን የተባለው አሳታሚ ሐሳቡን ለወጠና በ1902 በቀለም አወጣው። የመጀመሪያው 8,000 ቅጂ ገበያ ላይ ሳይወጣ አስቀድሞ ተሸጦ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሠራሯ ነው ለእኛ ዋናው ትምህርት። በ1903 በጋ ቤተሰቧ ፎ ፓርክ በሚባል ሐይቅ ዳር ባለ ግቢ ሰነበተ። ቢያትሪክስ የግቢውን ጓሮ ጥግ በጥግ ሣለችው። ግንቡን፣ የአበባ መትከያ ሸክላውን፣ የጎመኑን መደብ፣ ሽንኩርቱን ሁሉ በየራሱ ወረቀት ላይ አሰፈረች። ጥንቸሎቹ ገና አልገቡም፤ መጀመሪያ ጓሮው ነው የተሣለው። በ1904 የወጣው የቤንጃሚን በኒ ታሪክ ጀርባው ይኸው ጓሮ ነው።

በዚያው ዓመት በወጣው በሁለቱ መጥፎ አይጦች ታሪክ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠማት። አሳታሚዋ ኖርማን ዋርን ለወንድሙ ልጅ የሠራላት የአሻንጉሊት ቤት ነበረ፤ መጽሐፉም የሚያስፈልገው እርሱን ነው። ቤቱ ያለው ከለንደን አጠገብ ነው። እናቷ ግን ከነጋዴ ቤተሰብ ጋር መቀራረቧን ስላልወደዱት ሄዳ ለማየት አልተመቻትም። ዕድሜዋ ከ35 በላይ የሆነ፣ በገዛ ሥራዋ ገንዘብ የምታገኝ ሴት መሆኗን ልብ በሉ! ስለዚህ ኖርማን የቤቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከላት። እርሷም ቤቱን ከፎቶግራፉ ሣለች። አይጦቹን ግን ከፎቶግራፍ አልወሰደችም፤ በሕይወት ያሉ አይጦች ከፊቷ ነበሯት።

ልዩነቱን አያችሁ? የማይንቀሳቀሰውን ቤት ፎቶግራፍ ሊሰጣት ይችላል፤ የመስኮቱን ቁጥር፣ የጣሪያውን ቁመት። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙን አይሰጣትም፤ የአይጧን ድንጋጤም አይሰጣትም። ፎቶግራፍ መንገድ ለተዘጋበት ሰው መስኮት ነው እንጂ ዓይን አይሆንም።

በዚህ ሥራ ሁለቱ ተዋደዱ። በጁላይ 1905 ኖርማን ለጋብቻ ጠየቃት፤ እርሷም ወላጆቿ እየተቃወሙ እሺ አለች። ከአንድ ወር በኋላ፣ በኦገስት 25፣ ኖርማን በደም ካንሰር በ37 ዓመቱ አረፈ። ቢያትሪክስ ሐዘኗን ይዛ በዚያው ዓመት በሐይቆቹ አገር ሂል ቶፕ የተባለውን እርሻ በራሷ ገንዘብ ገዛች። ጓሮውንም በገዛ እጇ ተከለችው። በ1907 እና በ1908 የወጡት መጻሕፍቷ፣ የድመቷና የዳክዬዋ ታሪኮች፣ የዚህን ግቢ መንገድና በር እንዳለ ያሳያሉ።

በ1913 ዊልያም ሂሊስ የተባለውን የአገሩን ጠበቃ አገባች። ከዚያ ወዲያ ዓይኗም እየደከመ ስለመጣ ብዙም አልሣለች፤ በግ አርቢ ሆነች። በዲሴምበር 22 ቀን 1943 ስታርፍ ከ4,000 ኤከር በላይ፣ በእኛ አነጋገር 40 ጋሻ ገደማ የሚሆን መሬት ከነእርሻዎቹ ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ተናዘዘች።

አንድ ነገር ጨምረን እንሰነባበት። ከእርሷ በኋላ የሂል ቶፕ ጓሮ መልኩ ተለውጦ ነበር። የድርጅቱ አትክልተኞች ወደ ቀድሞ ይዞታው ሲመልሱት መሪ ያደረጉት የእርሷን የውሃ ቀለም ሥዕሎችና የድሮ ፎቶግራፎችን ነው። ጓሮው ሥዕል ሆኖ ነበር፤ ሥዕሉ ተመልሶ ጓሮ ሆነ።

እኛም ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ብዙ ነገር ይጎድለናል። የባሕሩን መርከብ ከፎቶግራፍ እንሥል ይሆናል፤ ሌላ ምን ምርጫ አለን? ጎመኑን ግን ከፎቶግራፍ አንሣል። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አለ። ልጆቹን ይዘን እንውጣና ቅጠሉ በጧት ፀሐይ ምን እንደሚመስል አብረን እንይ። ቀለሙን ከቀጭኑ ጀምረን፣ ብርሃን ላለበት ቦታ የወረቀቱን ነጭ ትተን፣ ጥላውን በመጨረሻ እናግባ። ቢበላሽም ግድ የለም፤ ወረቀት ይተካል። አንዴ በደንብ ያየ ዓይን ግን አይረሳም።